ከአሞሌ ገበያ እስከ ቫንኩቨር፤ የባንክ ባለሙያው አቶ ተፈራ ደገፌ

የኢትዮጵያ የባንክ ሥራ ታሪክ በተነገረ ቁጥር ወሬው ከአዲስ አበባ ይነሣና እዚያው አዲስ አበባ ላይ ይቆማል። የአቢሲንያ ባንክ በየካቲት ወር 1898 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ተመርቆ ተከፈተ፤ ከዚያ ወዲህ ያለውም ሁሉ የዚያ ቀን ተከታይ ሆኖ ይቆጠራል። አነጋገሩ ሐሰት የለበትም፤ ጎደሎ ግን ነው። ባንኩ በተመረቀበት ዘመን በዋግ ደጋ፣ በሰቆጣ ገበያ፣ የገንዘብ ነገር የሚዳኘው በሌላ ሥርዓት ነበር። ከአፋር ቆላ፣ ከአርሆ ተቈርጦ ትግራይን አቋርጦ የሚመጣው አሞሌ ጨው ሰቆጣ ላይ ይራገፍና ወደ ላስታ፣ ከዚያም ወዲያ ላለው አገር ይሻገራል። አሞሌው ከተቈረጠበት ስፍራ በራቀ መጠን ዋጋው ይወደዳል፤ ዝናም ካገኘው ይሟሟል፤ ከተሰበረም ዋጋው ይወድቃል። ዱቤ የሚገኘው በሰው ስምና በዋስ እንጂ በወረቀት አልነበረም።

በአዲስ አበባ የተከፈተው ባንክ ግን ስሙ ያገር፣ እጁ የውጭ ነበር። የሃምሳ ዓመት ፈቃድ የተሰጠው ለእንግሊዞች ሲሆን የሚመራውም ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋራ ተቈራኝቶ ነው። በ1923 ዓ.ም. ገደማ በመንግሥት ተገዝቶ የኢትዮጵያ ባንክ ተባለ፤ ወዲያው ግን የጣሊያን ወረራ መጣ። ከድል በኋላ፣ በ1935 ዓ.ም.፣ በአንድ ሚሊዮን ማርትሬዛ ካፒታል የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ሲቋቋም የመጀመሪያው ገዥ አሜሪካዊው ጆርጅ ብላወርስ ነበሩ። ሕጉ የኢትዮጵያ፣ መዝገብ ያዡ የባዕድ የሆነበት ይህ ሁኔታ የሚያበቃው በሥራው የሠለጠኑ ኢትዮጵያውያን ሲገኙ ብቻ ነበር።

አቶ ተፈራ ደገፌ ከነዚህ ሰዎች አንዱ ናቸው። ከድል በኋላ መንግሥት ወጣቶችን ወደ ውጭ አገር ለትምህርት በሚልክበት ጊዜ ካናዳ ተሻግረው በቫንኩቨር ከተማ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተማሩ። ሲመለሱም በመንግሥት ባንክ ሥራ ጀመሩ። ያ ባንክ በአንድ በኩል የገንዘብ ኖት ያወጣል፣ የመንግሥትን ሒሳብ ይይዛል፤ በሌላ በኩል ለነጋዴው ያበድራል፤ ማለት ዳኛም ባለጉዳይም ነበር። በ1955 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 206 ሁለቱን ሥራ ለያየ። ከታኅሣሥ 22 ቀን 1956 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በአቶ ምናሴ ለማ ገዥነት፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደግሞ በአቶ ተፈራ ሥራ አስኪያጅነት ለየብቻ ተጓዙ።

የንግድ ባንክ የዚያ ዘመን ታሪክ በመስፋፋት ብቻ የተሞላ አልነበረም። የአዲስ አበባ ባንክና ሁለቱ የጣሊያን ባንኮች፣ ባንኮ ዲ ሮማና ባንኮ ዲ ናፖሊ፣ በገበያው ይፎካከሩት ነበር። ከመንግሥት ባንክ የወረሰው የካርቱም ቅርንጫፍም በ1962 ዓ.ም. የሱዳን መንግሥት ባንኮችን ሲወርስ ከእጁ ወጣ። አምስት ዓመት ሳይሞላ ተመሳሳይ አዋጅ በገዛ አገር ይታወጃል ብሎ ያኔ የገመተ ብዙ ሰው አልነበረም።

ያንን ዘመን የሚያመሰግን ሁሉ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባዋል። ብድሩ በአብዛኛው የሚሄደው ወደ ቡና ላኪው፣ ወደ አስመጪውና ወደ ከተማው ሕንፃ ነበር። የዋግ ገበሬ በአገሩ ገበያ በዋስ ይታመናል፤ ባንኩ የሚጠይቀውን መያዣ ግን ከየት ያመጣዋል? በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረኀብ ወሎን ሲመታ፣ ዋግና ላስታም ሲጎዱ፣ ገበሬው በሬውን በርካሽ ሸጠ። ጥፋቱን ለባንክ ብቻ መስጠት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፤ የመሬቱ ሥሪትም የመንግሥቱም ዝምታ አለበት። ይሁንና በሬው የተሸጠበት ዋጋ በአዲስ አበባው መዝገብ በየትኛውም ዓምድ አልገባም።

አቶ ተፈራ የብሔራዊ ባንክ ገዥ የሆኑት አብዮቱ በፈነዳበት በ1974 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው። ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ዓ.ም. ባንኮች ሁሉ በመንግሥት ሲወረሱ በዚሁ ወንበር ላይ ነበሩ። ዕድሜውን በሙሉ ባንክን ከባዕድ እጅ ለማውጣት የደከመ ሰው የባንኮቹን መወረስ በምን ስሜት እንደሚያይ መገመት አያዳግትም፤ ደስታና ሥጋት ባንድ ላይ ይመጡበታል። በገዥነት የቆዩት ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ በደርግ እስር ቤት ዓመታት አሳለፉ። በመጨረሻም በተማሪነታቸው ወዳወቋት ወደ ቫንኩቨር ተሻግረው ኖሩ።

ከአገር የወጣ ባለሙያ ወገኑን የሚያገለግልበት መንገድ ብዙ ነው፤ ገንዘብ የሚልክ አለ፣ ማኅበር የሚያቋቁም አለ። ከአቶ ተፈራ ለባንክ ሙያተኛ የቀረው ግን ጽሑፍ ነው። የእስር ቤት ማስታወሻቸው «ኤ ትሪፒንግ ስቶን»፣ የሕይወት ታሪካቸው ደግሞ «ሚኒትስ ኦቭ አን ኢትዮጵያን ሴንቸሪ» ይባላል። ሁለቱም በእንግሊዝኛ ተጽፈው በ1990ዎቹ ዓ.ም. የታተሙት አዲስ አበባ ነው፤ የፊተኛው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ፣ የኋለኛው በሻማ ቡክስ። የሁለተኛው መጽሐፍ ርእስ ሁለት ትርጉም ይሰጣል፤ «ሚኒትስ» ደቂቃዎች ማለት ነው፣ ቃለ ጉባኤም ማለት ነው። በቦርድ ስብሰባ ላይ የተቀመጠ የባንክ ሰው የትኛውን አስቀድሞ እንደሚሰማ የታወቀ ነው።