መካስ፦ ከ«ወላጅ አምጣ» ወዲያ

ተማሪ ሲያጠፋ ቅጣቱ የታወቀ ነው፦ ተንበርከክ፣ ወላጅ አምጣ። አንዳንዱ ለሰፈሩ ሊስትሮ ብር ሰጥቶ «አጎቴ ነው» ብሎ ያቀርባል፤ ጉዳዩም በዚያው ይዘጋል። ደብተሩ የተቀደደበት ልጅስ? እሱን የጠየቀው የለም።

በእንግሊዝኛ «ሪስቶራቲቭ ፕራክቲስ» የሚባለው አሠራር የሚጀምረው ከዚህ ከተረሳው ልጅ ነው። ወደ ትምህርት ቤት የገባው ከፍርድ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በካናዳ፣ ኤልማይራ በምትባል ከተማ፣ ሁለት ወጣቶች በአንድ ሌሊት የ22 ሰዎችን ንብረት አበላሹ። ዳኛው ወጣቶቹ በር እያንኳኩ ተጎጂዎቹን እንዲያነጋግሩና ኪሳራቸውን እንዲከፍሉ አደረጉ። 20 ዓመት ቆይቶ፣ በ1994፣ በአውስትራሊያ የማሩቺዶር ትምህርት ቤት አንድን የድብደባ ጉዳይ በዚሁ መንፈስ አየው፤ አጥፊ፣ ተጎጂና ቤተሰቦቻቸው አንድ ላይ ተቀመጡ። ጥያቄዎቹ ቀላል ናቸው፦ ምን ሆነ? ማን ተጎዳ? ምን ቢደረግ ይስተካከላል? ሦስተኛውን መጀመሪያ የሚመልሰው ተጎጂው ነው፤ እሱም አንዳንዴ ይቅርታውን ትቶ የኬሚስትሪ ማስታወሻውን ብቻ ይፈልጋል።

በአማርኛ ምን እንበለው? «ተሃድሶ» የሚሉ አሉ፤ ቃሉ ግን የስብሰባና የግምገማ ትዝታ ተሸክሟል። «ዕርቅ» ያምራል፤ ችግሩ፣ በእኛ ዘንድ ሽማግሌ «በሉ ተሳሳሙ» ሲል የሚከብደው ለተመታው ነው፤ እምቢ ካለ ቂመኛ ይባላል። «ካሽ ፍትሕ» ብንል ደግሞ ጆሮ ወደ ጥሬ ገንዘብ ይሮጣል። እኔ የምመርጠው «መካስ»ን ነው፤ አሠራሩን በሙሉ ስንጠራ «የመካስ ሥነ ሥርዓት»። ካሳ ሸክሙን አጥፊው ላይ ያደርጋል፤ ይቅር ማለት አለማለቱን ለተጎጂው ይተዋል።

መካስ ከልምጭ ይልቅ ጊዜ ይፈጃል። በአሜሪካ፣ ፒትስበርግ ከተማ ትምህርት ቤቶች ውስጥ አሠራሩ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው፣ ራንድ የተባለው የምርምር ተቋም ጥናት ተማሪዎች ከትምህርት የሚታገዱባቸው ቀናት እንደቀነሱ አሳይቷል፤ ከ6ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉት ውጤት ግን ዝቅ ብሏል። ሁሉን የሚፈታ አድርጎ የሚያቀርበውን ሰው አልሰማውም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥታችን፣ አንቀጽ 36፣ በትምህርት ቤት የአካል ቅጣትን ስለሚከለክል ግን በልምጩ ቦታ የሚገባ ነገር ያስፈልጋል።

በዓረፍተ ነገር ሲገባ፦ «ትናንት ለመካስ ተቀመጥን፤ እስከ ዓርብ ደብተሬን ገልብጦ ያመጣል።»