የእግር አጥንት በእጅ አንጓ፤ የአንድ ቀዶ ሕክምና ታሪክ



በሙጃና በአካባቢዋ የእጅ አንጓው ያበጠ ሰው አስቀድሞ የሚሄደው ወደ ወጌሻ ነው። ወጌሻ ለዘመናት ባለውለታችን ስለሆነ ከሚያናንቁት ወገን አልቆምም። ይሁን እንጂ ሳይወድቁና ሳይመቱ መጥቶ ከሳምንት ሳምንት የሚያድግ እብጠት ወለምታ አይደለም፤ በመታሸትም አይመለስም። ራጅ ያስፈልገዋል። እስከ ላሊበላ ወይም እስከ ወልዲያ ሆስፒታል የሚዘገየው ጊዜ የእጁን ዕጣ ሊወስን ይችላል።

ከእንዲህ ዓይነቱ እብጠት መንሥኤዎች አንዱ የግዙፍ ሕዋስ ዕጢ ነው። በአብዛኛው ከ20 እስከ 40 ዓመት ያለውን፣ ማለትም ሠርቶ የሚያድረውን ሰው ይይዛል። ከጉልበት ዙሪያ ቀጥሎ የሚያዘወትረው በአውራ ጣት በኩል ያለውን የክንድ አጥንት፣ የራዲየስን የታችኛውን ጫፍ ነው። ካንሰር ባይባልም አጥንቱን ከውስጥ እየቦረቦረ እንደ እንቁላል ቅርፊት ያሳሳዋል። ቅርፊቱን ጥሶ ሥጋ ውስጥ ከገባ ጠርጎ ማውጣት ብቻ ላይበቃ ይችላል፤ የአጥንቱ ጫፍ በሙሉ ይነሣል። ታዲያ በቦታው ምን ይግባ?

እ.ኤ.አ. በ1880 ገደማ የግላስጎው ሐኪም ዊልያም ማክዌን የላይኛ ክንዱን አጥንት በኢንፌክሽን ላጣ ልጅ፣ እግራቸው የጎበጠ ሌሎች ልጆች ሲቃኑ የወጣውን የአጥንት ቁራጭ ተከለለት፤ ክንዱም ዳነ። ለእጅ አንጓ ግን ተከታዮቹ ሐኪሞች ከቅልጥም ጎን ያለውን ቀጭን አጥንት፣ ፊቡላን መረጡ። ክብደታችንን በዋናነት የሚሸከመው ቅልጥም ስለሆነ የፊቡላው የላይኛ ክፍል ቢወሰድም መራመድ ይቻላል፤ ቅርጹም ለራዲየስ ጫፍ ይቀራረባል። መለዋወጫ ተብሎ የተቀመጠ ይመስላል። ነገር ግን በአንገቱ የሚዞረው ነርቭ ከተጎዳ የእግር መዳፍ ይንጠለጠላል።

ደም ሥሩ ተቋርጦ የተተከለ አጥንት አብዛኛው ሕዋሱ ይሞታል፤ አዲሱ አጥንት ከዳር እየገባ ቀስ በቀስ ይተካዋል። በዚህ ረጅም ጊዜ ውስጥ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1975 አውስትራሊያዊው ኢያን ቴይለር ከባልደረቦቹ ጋር ፊቡላን ከነደም ሥሩ አዛወረ፤ በ1979 የሲንጋፖሩ ሮበርት ፎ ይህንኑ ለራዲየስ ጫፍ አዋለው። ረቂቅ ሥራ ነው፤ ማይክሮስኮፕና ረጅም ሰዓት ይጠይቃል። በእኔ እምነት ለአገራችን ሆስፒታሎች ቀላሉ የቀድሞው ዘዴ ገና አላረጀም።

አንድ ጥያቄ ይቀራል። አዲሱ አንጓ እንዲተጣጠፍ ይተው ወይስ ከመዳፍ አጥንቶች ጋር ይገጠም? ለጸሓፊ መተጣጠፉ ይሻላል ይባል ይሆናል። በሬ ጠምዶ እርፍ ለሚጨብጥ የላስታ ገበሬ ግን ባይታጠፍም የማይከዳ፣ የማያም አንጓ ሳይበልጥበት አይቀርም። ከቀዶ ሕክምናው በፊት እርሱ ራሱ ሊጠየቅ ይገባል።