ከኮሶ እስከ እንዶድ፦ «ተፈጥሯዊ ነው» ማለት ለምን አይበቃም?



በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ያላችሁ ወንድምና እህቶች! «ጥቁር አዝሙድ በማር ውሰዱ፤ የስኳር መድኃኒታችሁን ጣሉ» የሚል መልእክት በቴሌግራም ስንቀባበል እንውላለን። ከመቀበላችንም ከመሳቃችንም በፊት የአገራችንን ታሪክ እንይ።

አያቶቻችን ለኮሶ ትል በየሁለት ወሩ ገደማ የኮሶ አበባ በጥብጠው ይጠጡ ነበር። ዛፉ ዛሬም ሰበታ አጠገብ በመናገሻ ሱባ ደን ከፍታዎች ላይ ይገኛል። ትሉን በእርግጥ ያስወጣል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ሐኪሞችም ተጠቅመውበታል። መጠኑ ሲበዛ ግን ዓይን ያጠፋል፣ ሊገድልም ይችላል። ዛሬ ሐኪም ፕራዚኳንቴል የሚያዘው ኮሶ ውሸት ስለሆነ አይደለም፤ የክኒኑ መጠን ስለሚታወቅና ጉዳቱ ስላነሰ ነው።

እንዶድስ? እናቶቻችን ልብስ ያጠቡበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ታችኛው በኩል የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ብዛት አዩ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት እነዚህ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። አክሊሉ «መድኃኒት ተገኘ!» ብለው አላወጁም። በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ላይ አረፋውን ሞከሩ፣ ወደ ላቦራቶሪ ወሰዱት፣ ቀጥሎም በዓድዋ ለዓመታት ተፈተነ። ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ይህም ሆኖ የመርዛማነቱ ምርመራ ብዙ ዓመት ፈጀ። በ1989 እሳቸውና ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ልብ በሉ፤ የተረጋገጠው እንዶድ ቀንድ አውጣ መግደሉ እንጂ ሰው ቢጠጣው መዳኑ አይደለም።

ወደ ጥቁር አዝሙድ እንመለስ። በውስጡ ፈውስ እንዳለ በሐዲስ ተነግሮናል፤ እናምናለን። በደም ስኳር ላይ መጠነኛ እገዛ እንዳለው ያሳዩ ጥናቶችም አሉ። ነገር ግን ሐዲሱም ጥናቱም ኢንሱሊን አቁሙ አላሉም። ያለ ኢንሱሊን መኖር የማይችል ሕመምተኛ ካቋረጠ በቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ሕክምና ሳያውቅ ያከመ ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑንም አቡ ዳውድ ዘግበዋል። ሼር የምናደርግ እኛስ?

ስለዚህ ቀጣዩ መልእክት ሲደርሰን እንጠይቅ፦ በማን ላይ ተሞከረ? መጠኑ ስንት ነው? ሌላ መድኃኒት አስቁሙ ይላል? መልስ ከሌለው እጃችንን እንሰብስብ። ሕመምተኛ ቤተሰብ ካለን ደግሞ ሐኪሙን ሳናማክር ምንም አናስቁም።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ያውርድልን!