ምላጭን የመሳል ጥበብና የመጥፋቱ ምክንያት

በአማርኛችን «ምላጭ» የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ መሣሪያዎች መጠሪያ ነው። አንደኛው ከእጀታው ውስጥ እየተመዘዘ የሚያገለግለው፣ በደነዘም ጊዜ የሚሳለውና ከአባት ወደ ልጅ ሊተላለፍ የሚችለው ታጣፊ ምላጭ ነው። ሁለተኛው በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጠው፣ ጥቂት ቀን ከሠራ በኋላ የሚጣለው ስስ ብረት ነው። ቃሉ አንድ ሆኖ በመቅረቱ በሁለቱ መካከል የጠፋው ነገር በቀላሉ አይታየንም። የጠፋውም መሳል ነው። ይህ ጽሑፍ የመሳል ዕውቀት ከባለሙያው እጅ ወደ ተራው ሰው እጅ እንዴት እንደ ገባ፣ ከዚያም ከሁለቱም እጅ ወጥቶ ወደ ፋብሪካ እንዴት እንደ ተሻገረ ለማውሳት የታሰበ ነው።

በአውሮፓ ለብዙ ዘመን ጢም መላጨት የጢም ላጮች ሙያ ነበር። ጢም ላጩ ደም ያፈስሳል፤ ጥርስ ይነቅላል፤ ቁስል ያክማል። በለንደን ጢም ላጮችና የቀዶ ጥገና ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1540 በአንድ ማኅበር ተጣምረው እስከ 1745 ድረስ አብረው ኖረዋል። መሣሪያውን የሚይዘውም የሚስለውም ባለሙያው ስለ ነበረ ደንበኛው ስለ ድንጋይና ስለ ቆዳ የሚያውቅበት ምክንያት አልነበረውም። ይሁንና በራሱ እጅ ለመላጨት የሞከረ አልጠፋም። እንግሊዛዊው የባሕር ኀይል ሹም ሳሙኤል ፒፕስ በ1662 ጢሙን በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይፈገፍግ ነበር፤ በጃንዋሪ 1664 ግን ምላጭ ጨብጦ ራሱን መላጨት እንደ ጀመረ በዕለት ማስታወሻው ጽፏል። ደስ ያሰኘውም ጊዜና ገንዘብ መቆጠቡ ነበር።

ዕውቀቱን በመጽሐፍ ለማስተላለፍ በብርቱ የጣረው የፓሪሱ ካራ ሠሪ ዣን ዣክ ፔሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1769 ያሳተመው መጽሐፍ «ፖጎኖቶሚ» ይባላል፤ ጢምና መቁረጥ ከሚሉት የግሪክ ቃላት የተሠራ ስም ነው። ረጅሙ ርእሱ እንደሚያመለክተው መጽሐፉ ራስን በራስ መላጨትን፣ ለመሳል የሚስማሙ ድንጋዮችን መለየትን፣ ቆዳ ማዘጋጀትን፣ በመጨረሻም ስለ ደም ማፍሰስ የተሰጠ ማሳሰቢያን ይይዛል። ደም ማፍሰስ በምላጭ መጽሐፍ ውስጥ ምን አገባው የሚል ቢኖር፣ ሁለቱ ሙያዎች ገና ጎረቤታሞች እንደ ነበሩ ማስታወስ ይበቃዋል። ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው የድንጋዩና የቆዳው ጉዳይ ከመላጨቱ ጋር በርእሱ ላይ መቀመጡ ነው። ምላጭ መያዝን ብቻ የተማረ ሰው ሩቅ እንደማይሄድ ፔሬ ተረድቶታል ማለት ነው። ይኸው ሰው በአናጢ መላጊያ አምሳያ በእንጨት የተከለለና ስለቱ በጥቂቱ ብቻ ብቅ የሚል ምላጭም ሠርቷል፤ ወደዚህ ነገር በኋላ እንመለሳለን።

ትምህርቱ ፍሬ ይሰጥ ዘንድ ብረቱም መሻሻል ነበረበት። ቤንጃሚን ሀንትስማን የተባለ ሰዓት ሠሪ ለሰዓት ሞላ የሚሆን ንጹሕ ብረት ሲፈልግ፣ እ.ኤ.አ. በ1740 ገደማ በሼፊልድ አቅራቢያ አረብ ብረትን በሸክላ ማቅለጫ ውስጥ ፈጽሞ አቅልጦ አንድ ወጥ የማድረግን ዘዴ አገኘ። የሼፊልድ ካራ ሠሪዎች ብረቱ ጠንካራ ነው ብለው በመጀመሪያ አልተቀበሉትም፤ ፈረንሳዮች ገዝተው ሲሠሩበት ግን ተከተሉ።

አሁን ወደ መሳሉ እንግባ። የታጣፊ ምላጭ ብልሃት ያለው በጀርባው ላይ ነው። ቢላዋ የሚስል ሰው የስለቱን ማዕዘን በእጁ ግምት ይጠብቃል፤ ምላጭ የሚስል ግን ጀርባውንና ስለቱን አንድ ላይ በድንጋዩ ላይ አስተኝቶ ይገፋል። ማዕዘኑን የሚወስነው የጀርባው ውፍረትና የምላጩ ስፋት ነው፤ ለምሳሌ ስፋቱ 21 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር ቢሆን ማዕዘኑ 16 ዲግሪ ያህል ይሆናል። ጀርባውም ከስለቱ ጋር አብሮ ስለሚበላ፣ ምላጩ በዘመን ብዛት ሲጠብ ማዕዘኑ ብዙ አይናወጥም። ሠሪው ለማያውቀው ባለቤት ትቶለት ያለፈው ልኬት ነው ማለት ይቻላል።

በድንጋይ ላይ ስለቱ ይቀድማል፤ በቆዳ ጠፍር ላይ ጀርባው ይቀድማል። በቆዳ ላይ ስለቱን ያስቀደመ ሰው ጠፍሩን ይቆርጣል፣ ስለቱንም ያበላሻል። ምላጩ ለመመለስ የሚገለበጠውም በጀርባው ላይ ነው። ድንጋዩ አዲስ ስለት ያወጣል፤ ቆዳው የወጣውን ያቃናል። ስለዚህ ቆዳው ከእያንዳንዱ መላጨት በፊት፣ ድንጋዩ ግን ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ያስፈልጋል። ከድንጋዮቹ ዝነኛው በቤልጂግ አርዴን፣ በቪየልሳልም አካባቢ የወጣው ብጫ ድንጋይ ሲሆን፣ ብረቱን የሚበሉት በውስጡ የተበተኑት ጥቃቅን የጋርኔት ቅንጣቶች ናቸው።

በመጽሐፍ የማይተላለፈው የእጅ ክብደት ነው። ጀማሪው ምላጩ አልቆርጥ ባለው ቁጥር ይጫናል፤ ሲጫን ስሱ ስለት ይታጠፋል፤ ሲታጠፍ ይብሱን አይቆርጥም። በፊት ላይም ነገሩ ይኸው ነው። ጢሙ በሙቅ ውሃና በሳሙና ርሶ ይለሰልሳል፤ ቆዳው በነጻው እጅ ይወጠራል፤ ምላጩ 30 ዲግሪ ያህል ጋደም ብሎ በጢሙ አበቃቀል አቅጣጫ ይወርዳል። ከዚህ ይበልጥ ቀና ካለ ቆዳ ይቆርጣል፤ ይበልጥ ከተኛ ጢሙን ይጎትታል። ነገር ግን ባልተሳለ ምላጭ የሚማር ሰው ጥፋቱ የእጁ ይሁን የስለቱ መለየት አይችልም። የዚህ ትምህርት አስቸጋሪነት በሙሉ እዚህ ላይ ነው።

ታጣፊው ምላጭ የተሸነፈው አደገኛ ስለ ነበረ ነው ሲባል ብዙ ጊዜ ይሰማል። ይህ አስተያየት አያረካኝም። መከላከያ ያለው ምላጭ ከፔሬ ዘመን ጀምሮ ነበረ። በኒውዮርክ የካምፕፍ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1880 በፈጠራ ባለቤትነት ያስመዘገቡት መላጫም ፊትን ከመቆረጥ የሚጠብቅ ነበር። ሆኖም የዚህ መላጫ አጭር ስለት በየጊዜው እየተነቀለ መሳል ነበረበትና ታጣፊውን ከገበያ አላስወጣውም። ኪንግ ካምፕ ጂሌት በ1895 ያሰበው የተለየ ነበር፤ ስለቱ ራሱ ይጣል የሚል። ይህን ሐሳብ ለፍሬ ያበቃው ስስ ብረትን የማጠንከርንና በመኪና የመሳልን ዘዴ ያበጀው መሐንዲስ ዊልያም ኒከርሰን ነው። በ1903 የተሸጡት 51 መላጫዎችና 168 ስለቶች ብቻ ነበሩ፤ በ1904 ግን 90,884 መላጫዎችና 123,648 ስለቶች ተሸጡ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት ለወታደሮቹ 3.5 ሚሊዮን መላጫዎችና 32 ሚሊዮን ስለቶች ገዛ። በምሽግ ውስጥ ድንጋይና ጠፍር ሳይዝ መላጨትን የለመደ ትውልድ ወደ ቤቱ ሲመለስ የአባቱን ምላጭ ለመሳል የሚጓጓበት ምክንያት አልነበረውም።

መሳል ከቤት ከወጣ በኋላ የስለት መደንዘዝ የላቦራቶሪ ጥያቄ ሆነ። ፀጉር ከአረብ ብረት 50 ጊዜ ያህል የሚለሰልስ ሲሆን ብረቱን እንዴት ያደነዝዘዋል? በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጡት ጥናት ስለቱ ቀስ በቀስ ከመበላት ይልቅ እንደሚሸረፍ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አሳይቷል። ይህም የሚሆነው ፀጉሩ ጋደም ብሎ ስለቱን ሲያገኘውና የብረቱ ውስጣዊ አሠራር ወጥ ባልሆነበት ቦታ ላይ ሲያርፍ ነው። ሀንትስማን ያስጨነቀው የብረት ወጥነት ከ280 ዓመት በኋላ በዚህ መልክ ተመልሶ መጣ።

የታጣፊው ምላጭ ቅርጽ ግን እስከ ዛሬ በፀጉር አስተካካዮች እጅ ይታያል። እጀታው ያው ነው፤ አያያዙም ያው ነው። በስለቱ ቦታ የሚገባው ከሁለት የተሰበረ ስስ ምላጭ ሲሆን፣ በደም የሚተላለፍ በሽታ እንዳይዛመት ለእያንዳንዱ ደንበኛ ይቀየራል።