ሙያውን ያቀኑ፣ ከሙያው የተገፉ፦ የፍሪደም ሀውስ የአምቡላንስ ባለሙያዎች

በአምቡላንስ የሚሠሩ ባለሙያዎች ስለ ደመወዛቸው ማነስና ስለ ዕድገታቸው መዘግየት ሲያነሡ ጥያቄው የዘመናችን ይመስላል። ይሁንና ችግሩ ከሙያው ጋር አብሮ የተወለደ መሆኑን በአሜሪካ የፒትስበርግ ከተማ የተፈጸመው ታሪክ ያስረዳል (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)።

እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ በፒትስበርግ ድንገተኛ ሕመምተኛን ወደ ሆስፒታል የሚያደርሰው ፖሊስ ነበር። ሕመምተኛው እስረኛ በሚጫንበት መኪና ከኋላ ይጋደማል፤ ፖሊሶቹ ብዙውን ጊዜ ሁለቱም ከፊት ይቀመጣሉ፤ በመንገድ ላይ የሚሰጥ ሕክምና አልነበረም። በሌሎች ብዙ ከተሞች ደግሞ ሥራውን የያዙት የቀብር አስፈጻሚ ድርጅቶች ስለነበሩ አንዱ መኪና ሕመምተኛውንም አስከሬኑንም ያመላልስ ነበር።

ልብና ሳንባን የማነቃቃት ሕክምናን ካዳበሩት ሊቃውንት አንዱ የሆኑት የሰመመን ሐኪሙ ዶክተር ፒተር ሳፋር በዚሁ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ ነበር። በ1966 ሴት ልጃቸው በአስም ሞተችባቸው። ሳፋር ሕክምናው ሕመምተኛው ካለበት ስፍራ መጀመር አለበት የሚል ጽኑ እምነት ነበራቸውና፣ በ1967 ለጥቁሮች ሥራ ለመፍጠር ከተቋቋመው ፍሪደም ሀውስ ከተባለ ድርጅት ጋር ተባበሩ። ለሥልጠናው የተመለመሉት ሂል ዲስትሪክት ከተባለው የጥቁሮች ሰፈር የመጡ ሥራ አጦች ነበሩ። ከመካከላቸው ከቬትናም ጦርነት የተመለሱ፣ ሁለተኛ ደረጃን ያላጠናቀቁ፣ የእስር ታሪክ ያለባቸውም ይገኙ ነበር። 300 ሰዓት ያህል በፈጀው ትምህርት የሰውነት አካላትንና ተግባራቸውን ተማሩ፤ በሆስፒታል ክፍሎችም ተለማመዱ። ለዚያ ዘመን ይህ እንግዳ ነገር ነበር። አብዛኛው የአምቡላንስ ሠራተኛ ከተራ የመጀመሪያ እርዳታ ያለፈ ዕውቀት አልነበረውምና።

በ1968 አገልግሎቱ ሲጀመር ባለሙያዎቹ የአየር ቧንቧ ሲከፍቱ፣ ደም ሥር ውስጥ ፈሳሽ ሲሰጡ፣ በኋላም ትንፋሽ ላቆመ ሰው በመንገድ ላይ ቱቦ ሲያስገቡ ታዩ። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ወደ 5,800 ለሚጠጉ ጥሪዎች ደረሱ። ይሁንና እንጀራቸው የተመሠረተው በበጎ አድራጊዎች ገንዘብና በከተማው ውል ላይ ስለነበረ ነገን የሚያስተማምን አልነበረም። ውሉም ሂል ዲስትሪክትን፣ መሀል ከተማውንና አካባቢውን እንጂ ከተማውን በሙሉ አያቅፍም። የሌሎቹ ሰፈሮች ሕመምተኞች፣ ባለጠጎቹን ጨምሮ፣ የፖሊስ መኪና መጠበቅ ነበረባቸው።

በ1975 ከተማው የራሱን አገልግሎት ሲያቋቁም ፍሪደም ሀውስ ተዘጋ። በወቅቱ የሕክምና ኃላፊ የነበሩት ዶክተር ናንሲ ካሮላይን ነባሮቹ እንዲቀጠሩ አጥብቀው ስለተሟገቱ ብዙዎቹ ወደ ከተማው አገልግሎት ተዛወሩ። ሙያው መንግሥታዊ መደብ አገኘ ማለት ነው፤ መደቡ ሲገኝ ግን መመዘኛው ተለወጠ። የእስር ታሪክ ያለባቸው ተሰናበቱ፤ ፈተና የወደቁ ወጡ። የቀሩትንም ልምዳቸው ያነሰ አዳዲስ ነጭ ሠራተኞች እንዲመሯቸው ተደረገ። እዚህ ላይ ስለ ችሎታ ማነስ ማንሣት ያስቸግራል። ካሮላይን የአሜሪካን ብሔራዊ የፓራሜዲክ ሥርዓተ ትምህርት ሲያዘጋጁ የተንተራሱት የእነዚሁ ሰዎችን ሥራ ነበርና።

ከሥራቸው እየለቀቁ የሄዱት ብዙዎች ናቸው። ከጸኑት ጥቂቶች አንዱ ጆን ሙን ነው። ሙን ቀድሞ በሆስፒታል ተላላኪነት ይሠራ ነበር። አንድ ቀን ሁለት የፍሪደም ሀውስ ባለሙያዎች ሕመምተኛ ይዘው ሲገቡ አይቶ እንደ እነርሱ መሆን ተመኘ፤ ተምሮም ተቀላቀላቸው። በከተማው አገልግሎት ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ በ2009 ጡረታ ሲወጣ የደረሰበት ማዕረግ ረዳት ኃላፊነት ነበር።