ከፍራሹ ሥር የነበረው ሽጉጥ

ታሪክን ከነገሥታት ዜና መዋዕል መጀመር የተለመደ ነው። እኔ ግን ዛሬ የምጀምረው ሐዋሳ ፒያሳ ውስጥ ከሚገኝ አንድ ቤት ነው።

ዘመኑ 1999 ዓ.ም.፣ እኔም የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። የሰፈራችን ልጅ ጓደኛውን በአባቱ ሽጉጥ ገደለው። በመካከላቸው ጠብ አልነበረም። አባትየው ለቅሶ ሄደው ነበር፤ ልጁ ከፍራሹ ሥር ያለውን ነገር ለጓደኛው ሊያሳየው አወጣው፤ ጥይት የለውም ብሎም ቃታውን ሳበ። ገዳይ የአሥራ ስድስት፣ ሟች የአሥራ አምስት ዓመት ልጆች ነበሩ። በለቅሶው ድንኳን ውስጥ «የሰይጣን ሥራ ነው» ሲባል ሰማሁ። ሽጉጡ እዚያ ፍራሽ ሥር እንዴት ሊገባ ቻለ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

የቅርቡ መልስ ቀላል ነው። አባትየው ወታደር ነበሩ፤ በ1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲበተን ሽጉጣቸውን ታጥቀው ወደ ቤታቸው ገቡ። በዚያ ዓመት እንዲህ ያደረጉት እርሳቸው ብቻ አይደሉም፤ የተበተነው ጦር መሣሪያ በየገበያው በርካሽ ሲሸጥ ነበር። ሐዋሳም ብትሆን በ1952 ዓ.ም. ስትቆረቆር ከመጀመሪያ ነዋሪዎቿ መካከል ጡረታ የወጡ ወታደሮች ነበሩባት። በእንዲህ ያለች ከተማ ያረጀ ወታደርና ያረጀ መሣሪያ በአንድ ጣሪያ ሥር ቢኖሩ የሚደነቅ አልነበረም።

የሩቁ መልስ ግን ወደ ኋላ ይወስደናል። «ነፍጥ» የምንለው ቃል ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ መነሻው ተቀጣጣይ ዘይትን ያመለክት ነበር። ቃሉ ከነገሩ ጋር የመጣው በመከራ ዘመን ነው። በ1521 ዓ.ም. በሽምብራ ኩሬ የኢማም አሕመድ ጦር የአፄ ልብነ ድንግልን ሠራዊት ሲያሸንፍ ነፍጥ በእጁ ነበረ። በ1533 ዓ.ም. ክሪስቶቮ ዳ ጋማ አራት መቶ ያህል ነፍጠኞች ይዞ ሲደርስ ሚዛኑ መዞር ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ነፍጥ የሌለው ንጉሥ ንጉሥነቱ አጠያያቂ ሆነ። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ የውጭ አገር ሰዎችን ሰብስበው መድፍ ያሠሩት ይህንኑ ስለ ተረዱ ነው፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሕይወታቸውን ያጠፉትም ንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በላከችላቸው ሽጉጥ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ታሪክ በተለይ ልብ ሊባል ይገባዋል። በ1882 ዓ.ም. የአውሮፓ መንግሥታት በብራስልስ ተሰብስበው አንድ ውል ተፈራረሙ። ዓላማው የባሪያን ንግድ ማጥፋት ነው ቢባልም፣ ዘመናዊ ጠመንጃና ጥይት ወደ አብዛኛው አፍሪካ እንዳይገባ የሚያግድ ክፍልም ነበረው። በዚያ ጉባኤ «የኢትዮጵያ ጉዳይ የእኔ ነው» ብላ የቀረበችው ጣሊያን ነበረች፤ መነሻዋም የውጫሌ ውል አሥራ ሰባተኛ አንቀጽ ነበር። እነሆ፣ አገራችንን የሚመለከተው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የመሣሪያ ቁጥጥር ሕግ የመጣው ሊገዛን በሚሻ እጅ ነው። አፄ ምኒልክ ግን ከራሷ ከጣሊያንና ከፈረንሳይ ነጋዴዎች ጭምር መሣሪያ ሰብስበው ነበርና፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የሆነው ሆነ። የፈረንሳዩ ግራ «ውጅግራ»፣ የእንግሊዙ ስናይደር «ስናድር»፣ የኦስትሪያው ማንሊኸር «ምንሽር» ተብለው የአማርኛ ልጆች ሆኑ።

ሁለተኛው ትምህርት ከዚህ የመረረ ነበር። በነሐሴ 1922 ዓ.ም. መንግሥታችን ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከጣሊያን ጋር ስለ መሣሪያ ማስገባት በሕግ ተስማምቶ ነበር። በ1927 ዓ.ም. ክረምት፣ ጣሊያን ጦሯን በድንበራችን ስታከማች፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አሉ። ጣሊያን የራሷ ፋብሪካ ነበራት፤ እኛ አልነበረንም። በወረራው ዘመን ደግሞ መሣሪያ ደብቆ የተገኘ ሰው ቅጣቱ ሞት ሆነ። እንግዲህ በዚህ መንገድ ያለፈ ሕዝብ «መሣሪያህን አስመዝግብ» ሲባል የሚሰማው ሌላ ቃል ነው፤ «እጅህን ስጥ» የሚል። መሸሸግ ክብር ሆነ፤ ክብሩም ለልጅ ልጅ ተላለፈ።

ይሁን እንጂ በጠላት ላይ የተነሣ ነፍጥ ጠላት ሲሄድ አብሮ አልሄደም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በየከተማው ወጣት በወጣት ላይ ሽጉጥ መዘዘ። በአንዱ ወገን የኅቡዕ ድርጅት አባል፣ በሌላው ወገን የቀበሌ አብዮት ጥበቃ፤ ሁለቱም ብዙ ጊዜ ጢማቸው በቅጡ ያልበቀለ ልጆች ነበሩ። ያ ትውልድ መጽሐፍ የሚወድ፣ ግጥም የሚጽፍ ትውልድ እንደ ነበር ሳስብ፣ እኔም እንደ አቅሜ ስንኝ የምቋጥር ሰው ነኝና፣ ብርክ ይይዘኛል።

ሕግ አልጠፋም። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ሕገ ወጥ የመሣሪያ ዝውውርን ይቀጣል። ዕድሜው ዘጠኝ ዓመት ያልሞላውን ልጅ በወንጀል አይጠይቅም፤ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አምስት ላለው የተለየ ሥርዓት አለው፤ ከአሥራ ስምንት በታች ባለው ላይም ሞት አይፈርድም። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ያጸደቀው አዋጅ ቁጥር 1177 ደግሞ ራሱን ችሎ ስለ መሣሪያ ፈቃድና ምዝገባ፣ ስለ ዕድሜ ገደብም ደነገገ። አዋጁ ዓመት ሳይሞላው ግን ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ላይ ጦርነት ፈነዳ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ነዋሪ በሁለት ቀን ውስጥ መሣሪያውን እንዲያስመዘግብ ሲታዘዝ፣ ትእዛዙ ሰፈርህንም ጠብቅ ከሚል ጥሪ ጋር ነበር የመጣው። ያው የጥንቱ ነገር ነው፤ ቁጥጥርና ጦርነት በአንድ በር ይገባሉ፤ ሰውም ሁለቱን መለየት ይሳነዋል።

የራሴንም ላክል። ከዚያ አደጋ ሦስት ሳምንት በፊት በትምህርት ቤታችን የወላጆች በዓል ላይ የእንጨት ጠመንጃ ተሸክሜ ፎክሬ ነበር። ግጥሙ የራሴ ነበር፤ ጠመንጃ ያልያዘ ወንድ ወንድ አይደለም ይል ነበር። ሁለቱ ጓደኛሞች ከፊት ወንበር ተቀምጠው ከሁሉ በላይ አጨበጨቡልኝ። ሽጉጡን ያወጣው የእኔ ግጥም ነው አልልም። ነገር ግን ልጁ ከፍራሹ ሥር ያለውን ለጓደኛው ለማሳየት የጓጓው፣ ለልጅ ልብ ከዚያ የበለጠ መኩሪያ ስላላሳየነው ይመስለኛል። ፉከራ የዐድዋ ቅርሳችን ነው፤ አይጣል። ግን ጠላት በሌለበት ጓዳ ማን ላይ እንደምንፎክር እንጠይቅ።

አባትየው ዛሬ አርጅተዋል። ጡረታቸውን ለመውሰድ ወደ እኔ መስኮት ይመጣሉ። በቅርቡ አንድ ወጣት ሽጉጡን ለበሩ ጠባቂ አስረክቦ ሲገባ አይተው ጥቂት ዝም አሉ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ያኔ አስመዝግብ ቢሉኝም አላስመዘግብም ነበር። ይነጥቁኛል ብዬ ነበር የምፈራው» አሉኝ።

«አውቃለሁ፣ ጋሼ» አልኳቸው። ገንዘባቸውን ቆጥሬ ሰጠኋቸው። እርሳቸውም ሁለት ጊዜ ቆጥረው በደረት ኪሳቸው ከተቱና ወጡ።