በህንድ ክፍት የማዕድን ማውጫን ለማስፋፋት የሚጠየቀው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ

በህንድ አንድ ክፍት የማዕድን ማውጫ ዓመታዊ ምርቱን ወይም የይዞታ ስፋቱን ለመጨመር ሲያቅድ ቀደም ሲል የተሰጠው ፈቃድ ብቻውን አይበቃውም። ባለንብረቱ ድርጅት ተጨማሪውን ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት፣ ማስፋፊያው በአየር፣ በውኃ፣ በመሬትና በነዋሪው ሕይወት ላይ የሚያስከትለውን ለውጥ ማስጠናት ይጠበቅበታል። ጥናቱን ለሕዝብና ለባለሙያዎች አቅርቦ ካስገመገመ በኋላም ቅድመ የአካባቢ ፈቃድ መያዝ አለበት።

ጉዳዩ ለሀገሪቱ ከፍተኛ ክብደት አለው። ህንድ እ.ኤ.አ. በ2024/25 የበጀት ዓመት ከአንድ ቢሊዮን ቶን በላይ የድንጋይ ከሰል ያመረተች ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የተገኘው ከክፍት ማውጫዎች ነው። የምርት ዕድገቱ አዳዲስ ማውጫዎችን በመክፈት ብቻ ሳይሆን ነባሮቹን ደረጃ በደረጃ በማስፋፋት ጭምር የሚመጣ በመሆኑ፣ የማስፋፊያ ፈቃድ አሰጣጥ በማውጫዎቹ ዙሪያ የሚኖረውን ሕዝብ ዕጣ በቀጥታ ይነካል።

የሕጉ አመጣጥ

የህንድ የአካባቢ ጥበቃ ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ለሕጉ መውጣት ዋናው ምክንያት በዲሴምበር 1984 በቦፓል ከተማ ከአንድ የፀረ ተባይ ኬሚካል ፋብሪካ ያመለጠው መርዛማ ጋዝ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ሕይወት የቀጠፈበት አደጋ ነበር። ይህን ሕግ መሠረት በማድረግ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1994 የወጣው ደንብ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማን ለተዘረዘሩ የልማት ዘርፎች አስገዳጅ አደረገው። ማዕድን ማውጣትም ከእነዚህ ዘርፎች አንዱ ነበር።

ይህ ደንብ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 14 ቀን 2006 በወጣ አዲስ ደንብ የተተካ ሲሆን፣ የ2006ቱ ደንብ በርካታ ማሻሻያዎች ተደርገውበት እስካሁን በሥራ ላይ ይገኛል። ደንቡ ፕሮጀክቶችን በምድብ ሀ እና በምድብ ለ ይከፍላል። የምድብ ሀ ፕሮጀክቶች በማዕከላዊው መንግሥት የአካባቢ፣ የደንና የአየር ንብረት ለውጥ ሚኒስቴር፣ የምድብ ለ ፕሮጀክቶች ደግሞ በየግዛቱ በተቋቋመው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ባለሥልጣን ይመረመራሉ።

ለማዕድን ሥራ የምድቡ መለኪያ በኪራይ የተያዘው መሬት ስፋት ነው። በመጀመሪያው ድንጋጌ 50 ሄክታርና ከዚያ በላይ የሆነ ይዞታ ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ይቀርብ ነበር። በኋላ በወጡት ማሻሻያዎች መለኪያው ከፍ በመደረጉ፣ የግዛት ባለሥልጣናት የሚመረምሯቸው ማውጫዎች ቁጥር ጨምሯል።

ማስፋፊያ የሚባለው ምንድን ነው?

በደንቡ መሠረት የነባር ፕሮጀክት ማስፋፊያና ማዘመኛ እንደ አዲስ ፕሮጀክት ሁሉ ቅድመ ፈቃድ ያስፈልገዋል። በማዕድን ረገድ ማስፋፊያ የሚባለው የይዞታውን ወሰን መግፋት ብቻ አይደለም፤ በዚያው ይዞታ ውስጥ በዓመት የሚወጣውን መጠን ከተፈቀደው በላይ ማሳደግም ማስፋፊያ ነው።

የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን አተረጓጎም በተለያዩ ጊዜያት አጠናክሯል። እ.ኤ.አ. በማርች 2004 በአራቫሊ ተራሮች የማዕድን ሥራ ላይ በሰጠው ውሳኔ፣ የኪራይ ዘመኑ አልቆ የሚታደስ ማውጫም የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ደንቡ እንደሚመለከተው አስታውቋል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2017 ደግሞ በኦዲሻ ግዛት የብረትና የማንጋኒዝ ማዕድን ማውጫዎች ላይ ብይን ሰጥቷል። በዚህ ብይን ከ1993/94 የምርት መጠን በላይ መጨመር በ1994ቱ ደንብ መሠረት ማስፋፊያ እንደሆነ ወስኖ፣ ያለ ፈቃድ ወይም ከፈቃድ በላይ የወጣው ማዕድን ሙሉ ዋጋ ለመንግሥት ገቢ እንዲሆን አዝዟል።

አራቱ የግምገማ ደረጃዎች

የግምገማው ሂደት አራት ደረጃዎች አሉት። የመጀመሪያው ልየታ ሲሆን፣ የምድብ ለ ፕሮጀክት ሙሉ ጥናት የሚያስፈልገው መሆን አለመሆኑ የሚወሰንበት ነው። ሁለተኛው የጥናቱን ወሰን መወሰን ነው። በዚህ ደረጃ የባለሙያዎች ገምጋሚ ኮሚቴ ጥናቱ ሊመልሳቸው የሚገባቸውን ጥያቄዎች በቢጋር ዘርዝሮ ለአመልካቹ ይሰጣል። ሦስተኛው የሕዝብ ምክክር፣ አራተኛው ደግሞ ኮሚቴው የመጨረሻውን ሰነድ መርምሮ ፈቃዱ እንዲሰጥ ወይም እንዲከለከል የውሳኔ ሐሳብ የሚያቀርብበት ነው።

የማስፋፊያ ማመልከቻን ከአዲስ ፕሮጀክት ማመልከቻ የሚለየው አንድ ዐቢይ ጉዳይ አለ። አመልካቹ በቀድሞው ፈቃድ የተጣሉበትን ግዴታዎች ምን ያህል እንደፈጸመ የሚያሳይ፣ በሚኒስቴሩ የአካባቢ ጽሕፈት ቤት የተረጋገጠ ሪፖርት ማቅረብ ይኖርበታል። ቀደም ሲል ቃል የተገባው የዛፍ ተከላ ካልተከናወነ፣ የአቧራ መከላከያው ካልተዘረጋ ወይም ተፈናቃዮች በአግባቡ ካልሰፈሩ፣ ኮሚቴው ይህን መዝግቦ ማብራሪያ የመጠየቅ ሥልጣን አለው።

ጥናቱ የሚመረምራቸው ነጥቦች

ጥናቱ የሚካሄደው ዕውቅና ባለው አማካሪ ድርጅት ነው። የጥናቱ ክልል የማውጫውን ይዞታና በዙሪያው እስከ 10 ኪሎ ሜትር የሚደርሰውን አካባቢ ያጠቃልላል። የዝናቡ ወራት ሳይቆጠር ቢያንስ ለአንድ ወቅት የአየር፣ የውኃ፣ የአፈርና የድምፅ ልኬት ይሰበሰባል። የዱር እንስሳትና የዕፅዋት ዝርዝር እንዲሁም የነዋሪው ማኅበራዊና ኢኮኖሚያዊ ሁኔታም ይጠናል።

በክፍት ማውጫ ዋናው ችግር ከማዕድኑ በላይ ተነባብሮ የሚገኘው አፈርና ዐለት ነው። ለአብነት በአንድ ማውጫ አንድ ቶን ከሰል ለማግኘት ሁለት ሜትር ኩብ አፈርና ዐለት መነሣት ካለበት፣ በዓመት 10 ሚሊዮን ቶን የሚያመርት ድርጅት 20 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያነሣል ማለት ነው። ምርቱ ወደ 14 ሚሊዮን ቶን ሲያድግ የሚነሣው ወደ 28 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይደርሳል። ጉድጓዱ እየጠለቀ በሄደ ቁጥር ደግሞ ለአንድ ቶን ከሰል የሚነሣው መጠን ሊጨምር ይችላል። በመሆኑም ጥናቱ ክምሩ የት እንደሚቆለል፣ ቁልቁለቱ እንዳይናድ ምን እንደሚደረግና ጉድጓዱ መልሶ የሚሞላው መቼ እንደሆነ ማሳየት ይጠበቅበታል።

ሁለተኛው ነጥብ የከርሰ ምድር ውኃ ነው። ጉድጓዱ ከውኃው ወለል በታች ሲወርድ ውኃው በፓምፕ ያለማቋረጥ ይወጣል፤ ይህም በአካባቢው መንደሮች ያሉ የእጅ ጉድጓዶችን ሊያደርቅ ይችላል። ሦስተኛው አቧራ ሲሆን፣ በቁፋሮ፣ በፍንዳታና በተለይም በከባድ ተሽከርካሪዎች ምልልስ ይነሣል። አራተኛው ፍንዳታ የሚፈጥረው ንዝረት በቤቶች ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። የማጓጓዣ መንገዱም ተለይቶ ይታያል፤ በመንገድ ይጓጓዝ የነበረውን ከሰል በተሸፈነ ተሸካሚ ቀበቶ ወይም በባቡር ማንቀሳቀስ ብዙውን ጊዜ ከሚጣሉት ግዴታዎች አንዱ ነው።

የሕዝብ መድረክ

የሕዝብ ምክክር ሁለት ክፍሎች አሉት። አንደኛው በማውጫው አካባቢ የሚካሄድ ይፋዊ የሕዝብ መድረክ ሲሆን፣ ሁለተኛው ጉዳዩ ያገባኛል የሚል ማንኛውም ወገን በጽሑፍ አስተያየቱን የሚያቀርብበት ነው። መድረኩን የሚያዘጋጀው የግዛቱ የብክለት ቁጥጥር ቦርድ ነው። ማስታወቂያው ቢያንስ ከ30 ቀናት በፊት በአንድ ሀገር አቀፍና በአንድ የአካባቢ ጋዜጣ መውጣት ያለበት ሲሆን፣ የረቂቅ ጥናቱ አጭር መግለጫም በአካባቢው ቋንቋ ለነዋሪው መድረስ ይኖርበታል።

መድረኩን የአውራጃው አስተዳዳሪ ወይም ወኪሉ ይመራዋል። ሂደቱ በሙሉ በቪዲዮ ይቀረጻል። ለስብሰባው ምልዓተ ጉባዔ አይጠየቅም፤ በድምፅ ብልጫ የሚወሰን ነገርም የለም። የተነሡት ሐሳቦችና ተቃውሞዎች በቃለ ጉባዔ ሰፍረው በአካባቢው ቋንቋ ለተሰብሳቢው ይነበባሉ። አመልካቹ ለእያንዳንዱ ጥያቄ መልሱን፣ የድርጊት መርሃ ግብሩንና ለዚሁ የሚመድበውን ገንዘብ በመጨረሻው ሰነድ ውስጥ ማካተት ይገባዋል። ስለዚህ መድረኩ ፕሮጀክቱን የመሻር ሥልጣን ባይኖረውም፣ ነዋሪው ሥጋቱን በመንግሥት መዝገብ የሚያሰፍርበት ዋነኛ ዕድል ነው።

ያለ መድረክ የሚፈቀዱ ማስፋፊያዎች

አከራካሪው ጉዳይ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። የከሰል ፍላጎት እየጨመረ በመምጣቱ ሚኒስቴሩ ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ ባወጣቸው መመሪያዎች የተወሰኑ የከሰል ማውጫዎች አዲስ የሕዝብ መድረክ ሳያካሂዱ እንዲስፋፉ ፈቅዷል። በመጀመሪያ ለአንድ ጊዜ እስከ 25 በመቶ የነበረው ገደብ እ.ኤ.አ. በ2017 በየደረጃው እስከ 40 በመቶ፣ በ2022 ደግሞ እስከ 50 በመቶ ከፍ ብሏል። ለዚህም ማውጫው ከነባር ይዞታው እንዳይወጣና የቀድሞ ግዴታዎቹን መፈጸሙ እንዲረጋገጥ ቅድመ ሁኔታዎች ተቀምጠዋል።

የአሠራሩ ደጋፊዎች፣ መሬቱ ቀድሞ የተያዘና ሕዝቡም አንድ ጊዜ የተመካከረበት በመሆኑ ድግግሞሹ ጊዜ ከማባከን አያልፍም ይላሉ። ተቺዎች በበኩላቸው፣ የምርት መጠን ሲያድግ ይዞታው ባይሰፋም የፍንዳታው፣ የተሽከርካሪውና የአቧራው መጠን እንደሚያድግ ያመለክታሉ። ትንንሽ ጭማሪዎች ተደማምረው የሚያስከትሉት ጉዳት በአንዱም እርከን ተጠቃሎ እንደማይታይ ያስረዳሉ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ሪፖርት፣ ኮል ኢንዲያ በተባለው የመንግሥት ድርጅት ሥር በሚገኙ ሦስት ማውጫዎች ዙሪያ የሚኖሩ ነዋሪዎች፣ በተለይም አዲቫሲ በመባል የሚታወቁት ነባር ሕዝቦች፣ በበቂ ሁኔታ እንዳልተመከሩ ገልጿል።

የጌቭራ ማውጫ እንደ አብነት

በቻቲስጋር ግዛት በኮርባ አውራጃ የሚገኘው የጌቭራ ማውጫ የዚህ ሂደት ጉልህ ማሳያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ሥራ የጀመረው ይህ ማውጫ የኮል ኢንዲያ እህት ኩባንያ በሆነው ሳውዝ ኢስተርን ኮልፊልድስ የሚተዳደር ሲሆን፣ በ2023/24 የበጀት ዓመት ወደ 59 ሚሊዮን ቶን ከሰል አምርቷል። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ዓመታዊ ምርቱን ከ52.5 ሚሊዮን ወደ 70 ሚሊዮን ቶን ለማሳደግ የአካባቢ ፈቃድ አግኝቷል። በአጠገቡ ኩስሙንዳና ዲፕካ የተባሉ ሌሎች ግዙፍ ማውጫዎች ይገኛሉ።

በማውጫው ከሰሉን ያለ ፍንዳታ እየፋቁ የሚያወጡ ማሽኖች በሥራ ላይ ውለዋል። ይህም አቧራና ንዝረትን ለመቀነስ እንደሚረዳ ይታመናል። ይሁን እንጂ ኮርባ በርካታ የከሰል ኃይል ማመንጫዎችም ያሉበት አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በተካሄደው ሀገር አቀፍ የብክለት ልኬት እጅግ ከተበከሉት 43 የኢንዱስትሪ አካባቢዎች አንዱ ሆኖ የተመዘገበ ሲሆን፣ በዚሁ ምክንያት በ2010 በአካባቢዎቹ አዳዲስ ፈቃዶች ለጊዜው ታግደው እንደነበር ይታወሳል። መሬታቸውን ለማውጫዎቹ የለቀቁ የገበሬ ቤተሰቦችም የሥራ ቅጥር፣ የካሳና የመልሶ ማስፈር ጥያቄዎችን ለዓመታት ሲያቀርቡ ቆይተዋል። በእንዲህ ዓይነት አካባቢ የአንዱን ማውጫ ተፅዕኖ ለብቻው ነጥሎ መመዘን አዳጋች በመሆኑ፣ ድምር ተፅዕኖን ማስጠናት አስፈላጊ ይሆናል።

ተጓዳኝ ፈቃዶች

የአካባቢ ፈቃድ ብቻውን ሥራ አያስጀምርም። ማስፋፊያው የደን መሬት የሚነካ ከሆነ በ1980 በወጣው የደን ጥበቃ ሕግ መሠረት የተለየ ፈቃድ ያስፈልጋል። የ2006ቱ የደን ባለመብቶች ሕግ ደግሞ በደን ውስጥ የሚኖሩ ማኅበረሰቦች መብት እንዲታወቅ ያስገድዳል። የዚህ ሕግ ጉልበት በይበልጥ የታየው እ.ኤ.አ. በ2013 በኦዲሻ ግዛት በኒያምጊሪ ተራሮች ነው። በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ትእዛዝ የተጠየቁት 12 የመንደር ጉባዔዎች የታቀደውን የቦክሳይት ማውጫ በሙሉ ድምፅ ውድቅ አድርገውታል። ከዚህም ሌላ በ1974 የውኃ እና በ1981 የአየር ብክለት ሕጎች መሠረት ከግዛቱ የብክለት ቁጥጥር ቦርድ የሥራ ስምምነት ማግኘት ግዴታ ነው።

ክትትልና ፍርድ ቤቶች

ፈቃድ ያገኘ ድርጅት ግዴታዎቹን ስለመፈጸሙ በየስድስት ወሩ ሪፖርት ያቀርባል። የማዕድን ፈቃድ ዘመን እስከ 30 ዓመት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ማሻሻያ እስከ 20 ዓመት ሊራዘም እንደሚችል ተደንግጓል። በፈቃዱ ቅር የተሰኘ ወገን በ30 ቀናት ውስጥ ለብሔራዊው አረንጓዴ ፍርድ ቤት ይግባኝ ማቅረብ ይችላል። ይህ ልዩ ፍርድ ቤት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው።

ያለ ቅድመ ፈቃድ የተስፋፉ ድርጅቶች ከድርጊቱ በኋላ ፈቃድ ሊሰጣቸው ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ጥያቄም ሲያከራክር ቆይቷል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 እንዲህ ያለውን አሠራር ሕገ ወጥ ብሎ ከልክሎ የነበረ ቢሆንም፣ በዚያው ዓመት በኖቬምበር ሦስት ዳኞች የተሰየሙበት ችሎት በሁለት ለአንድ ድምፅ ብይኑን በማንሣት ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ ወስኗል።

የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ዋነኛ ዓላማ ጉዳት ከደረሰ በኋላ ካሳ ማስላት ሳይሆን ጉዳቱን አስቀድሞ ማየትና መከላከል ነው። ለነባር ማውጫዎች ይህ ዓላማ የሚሳካው የቀድሞው ፈቃድ ግዴታዎች በትክክል ሲመረመሩ፣ ተከታታይ ጭማሪዎች በድምር ሲመዘኑና በማውጫው ዙሪያ የሚኖረው ሕዝብ ቁፋሮው ወደ ደጁ ከመድረሱ በፊት ሲደመጥ እንደሆነ የሕጉ አወቃቀር ያመለክታል።